ዝገቱን አንሱ፣ ጥቁረቱን ተዉት

አሮጌ ቢላ ይዞ ወደ ሱቄ የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚለኝ አንድ ነገር ነው፦ «አብራልኝ»። እኔ የስፌት መኪና ጠጋኝ ነኝ። ቢላ መሰብሰብ ደግሞ የቆየ አመሌ ነው። ሰፈሩ ይህን ስለሚያውቅ ከስፌት መኪናው ጎን ለጎን የአያት ጎራዴ፣ የፈረንሳይ ሰንጢ፣ ከአፋር የመጣ ጊሌ ይመጣልኛል። መልሴ ሁሌም ያው ነው። ዝገቱን እናነሳለን፤ ጥቁረቱን አንነካም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ቅር ይለዋል። ቢላ ንጹሕ የሚባለው ሲያብለጨልጭ ብቻ ይመስለዋል። ለስቴንለስ ልክ ሊሆን ይችላል። ለካርቦን ስቲል ግን አይሠራም። ካርቦን ስቲል በዕድሜ ብዛት የሚያወጣው ግራጫና ጥቁር ቀለም ብረቱን በመጠኑም ቢሆን ከዝገት ይከላከልለታል። ለሰብሳቢ ደግሞ የዕድሜው ምስክር ነው። እሱን ፍቆ ያነሳ ሰው ዋጋውንም አብሮ ፍቆታል። ዕውቀት ያለው ገዢ ገና በእጁ ሲይዘው ያውቅበታል።

መጀመሪያ ምን እንደያዛችሁ እወቁ

ስቴንለስ የሚባለው ብረት ቢያንስ 10.5 በመቶ ገደማ ክሮሚየም አለበት። ክሮሚየሙ ላዩ ላይ በዓይን የማይታይ ስስ ሽፋን ይሠራል። ዝገትን የሚመክተው እሱ ነው። ካርቦን ስቲል ይህ ሽፋን የለውም። በቀላሉ ይሳላል፣ ስለቱም ያምራል፤ ከውሃና ከጨው ጋር ግን አይዋደድም።

ማግኔት አያሳውቃችሁም። አብዛኛውን የስቴንለስ ቢላም ማግኔት ይስበዋል። የሚሻለው ጽሑፉን ማየት ነው። ኦፒኔል የሚባለው የፈረንሳይ ሰንጢ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ፋብሪካው ዘውድ ከደፋችው እጅ ምልክት ጋር «ካርቦን» ወይም «ኢኖክስ» ብሎ ብረቱ ላይ ይመታበታል። ኢኖክስ ያለው ስቴንለስ ነው፣ ይህ ጽሑፍ አይመለከተውም። ምንም ጽሑፍ ከሌለው ቀለሙን እዩ። ወጥ ያልሆነ ግራጫ፣ ቡኒ ወይም ሰማያዊ ጥላ ካለው ካርቦን ስቲል ነው ብላችሁ ያዙት።

የአገራችን ብረት ቀጥቃጭ የሠራው ከሆነ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከመኪና ባሌስትራ የወጣ ነው። የባሌስትራ ብረት 0.6 በመቶ አካባቢ ካርቦን አለው። ክሮሚየም ቢኖርበት እንኳ 1 በመቶ አካባቢ ነው። ስለዚህ ይዝጋል። ቀጥቃጩ ጥሩ አድርጎ የመታው ጊሌም ቢሆን ይዝጋል። የሥራ ጉድለት ስለሆነ አይደለም፣ የብረቱ ጠባይ ነው።

ቀለሙን ማንበብ

ከዚህ ሥራ ውስጥ ትልቁ ጊዜ የሚያስፈልገው ይሄ ነው። ጨርቅም ዘይትም ሳትነኩ በፊት ቢላውን የቀን ብርሃን ባለበት መስኮት አጠገብ ያዙትና ቀስ እያላችሁ አገላብጡት። አምፖል አይበቃም። አምፖል ቡኒውን ሁሉ አንድ ያደርገዋል።

ግራጫ ሆኖ ለስላሳ ከሆነ፣ ጣት ሲሄድበት የማይቆረቁር ከሆነ፣ አትንኩት። ያ የዕድሜ ቀለም ነው። ፈረንጆቹ ፓቲና ይሉታል፤ የእኛም ሰብሳቢዎች በዚሁ ስም ነው የሚጠሩት።

ሰማያዊና ወይን ጠጅ የተቀላቀለበት ደመና መሳይ ነጠብጣብ ካያችሁ ብዙውን ጊዜ ቢላው ሥጋ ቆርጧል ማለት ነው። የቁርጥ ቤት አሮጌ ካርቦን ቢላ ያየ ሰው ያውቀዋል። ከእርድ ገና ያልቀዘቀዘ ሥጋ ሲቆረጥበት ስለቱ አካባቢ ያለው ብረት መጀመሪያ ጭጋግ የነካው ይመስላል። ቀጥሎ ወርቃማ ይሆናል። ከዚያ ሰማያዊው ይመጣል፣ ወደ ብርሃን ስታዘነብሉት ወይን ጠጁም ይታያል። ይህ ቀለም ንጹሕ ነው። ለምግብም ለብረቱም ጉዳት የለውም። እኔ እንዲያውም እሱ ያለበትን ነው ጨምሬ የምገዛው።

ጥቁር ሆኖ የሎሚ ወይም የቲማቲም ጭማቂ የፈሰሰበት የሚመስል፣ ዳር ዳሩ የተሰመረ እድፍ ካለ አሲድ ነክቶት ነው። አያምርም፤ ግን አይበላውም። ከፈለጋችሁ ማለስለስ ትችላላችሁ። ሙሉ በሙሉ ለማጥፋት ከሞከራችሁ ግን ዙሪያውን ያለውንም ቀለም ታነሳላችሁ፣ ከዚያ በኋላ ነጭ ባዶ ቦታ ይሆንባችኋል።

ጠላታችን ቀዩ ነው። ብርቱካንማ ወይም ቀይ ቡኒ፣ በጣት ሲነካ ዱቄት የሚሰጥ፣ ነጭ ጨርቅ ላይ ቀለሙን የሚተው። ይህ ሕያው ዝገት ነው። ዝገት ስፖንጅ ነው፤ ከአየሩ እርጥበት እየጠጣ ከሥሩ ያለውን ብረት ይበላል። ስለዚህ «ትንሽ ነው፣ ይቆይ» አይባልም። ሽንብራ የማታክል ቀይ ነጥብ አንድ ክረምት ብትቀመጥ ጉድጓድ ትታ ነው የምትሄደው። ጉድጓዱን ደግሞ የሚሞላ ዘይት የለም።

አንዳንዴ ቀዩ በጥቁሩ ላይ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። የሥራው ጥበብ እዚህ ነው። ላይኛውን አንስቶ ታችኛውን ማስቀረት።

ምን ያስፈልጋል

ውድ ነገር የለበትም። የሲንጀር ዘይት፣ ያ በትንሽ ጠርሙስ የሚሸጠው ቀጭን የስፌት መኪና ዘይት። የአሮጌ ካናቴራ ቁራጭ፣ ንጹሕ ጥጥ የሆነ። ስቴኪኒ። ያረጀ የጥርስ ብሩሽ። ከናስ የተሠራ አሮጌ የበር ቁልፍ። 0000 የሚባለው በጣም የደቀቀ ስቲል ውል (እንደ ጥጥ የለሰለሰ የብረት ክር)፣ የቤት ዕቃ ቀለም ከሚሸጡ ሱቆች ጠይቁ። ድስት የሚታጠብበት ሽቦ ምትኩ አይሆንም፣ ይቧጭራል። ብርጭቆ ወረቀትም አያስፈልግም። ካለ ደብቁት፤ ሰው ሲሰለቸው እሱን ማንሳት ይቃጣዋል።

ፕላስተርም ያዙ። ስለቱን በፕላስተር ሸፍኑት። አንድ በኩል ስለት ያለው ቢላ ከሆነ ቀላል ነው። የአፋር ጊሌ ግን በሁለት በኩል ስለት ስላለውና ቆልመም ስለሚል ይዞ ለመጥረግ አስቸጋሪ ነው። አንዱን ስለት ሸፍናችሁ፣ ቢላውን ጣውላ ላይ አጋድማችሁ፣ ጨርቁን ከእጀታው ወደ ጫፉ ብቻ ሳቡ። ጨርቁን አጥፋችሁ ብረቱን እንደ መቆንጠጥ አድርጋችሁ አትጥረጉ። ጊሌ ሲያዩት የደነዘዘ ይመስላል፤ ጨርቅ ተጠቅልሎበት ሲሳብ ግን ጨርቁንም ጣትንም ይቆርጣል።

ቀዩን ማንሳት

በምሳሌ ላሳያችሁ። ምን አለሽ ተራ ከአሮጌ ሞረድና ከመፍቻ ክምር ውስጥ ያወጣሁት ቁጥር 8 ኦፒኔል አለኝ። ቁጥር 8 ብረቱ 8.5 ሳንቲ ሜትር ነው። ኦፒኔልን ዦዜፍ ኦፒኔል የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1890 ፈረንሳይ አገር ሳቮይ ውስጥ ነው የጀመረው። የሚቆልፈው የብረት ቀለበት የመጣው በ1955 ነው። የእኔው ቀለበት አለው፣ ስለዚህ ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው። ብረቱ ጫፉ አካባቢ ቆንጆ ግራጫ ነበር። ቀለበቱ ሥር ግን ቀይ ቅርፊት ይዟል። ይህ ቦታ በአብዛኛው ሰንጢ ላይ ያው ነው። ሲታጠፍ እንጨቱ ውስጥ ይገባል፣ እርጥበቱ መውጫ የለውም።

መጀመሪያ ደረቁን አቧራ በጥርስ ብሩሽ አራግፉ። ውሃ የለም። በተለይ የእንጨት እጀታ ውሃ ከጠጣ ያብጥና ሰንጢው አልከፈት ይላል። የሳቮይ ሰዎች ለዚህ ዘዴ አላቸው። ቀለበቱ መከፈቱን አይተው የእጀታውን ቂጥ ጠረጴዛ ላይ ጠብ ያደርጉታል፣ ብረቱ ብቅ ይላል። ቢሆንም ከመጀመሪያው አለማርጠቡ ይሻላል።

ከዚያ ቀዩ ቦታ ላይ የሲንጀር ዘይት ጠብ አድርጉና ተዉት። ቢቻል ይደር። ዘይቱ ዝገቱ ውስጥ ገብቶ ያላላዋል። ሰው የሚቸኩለው እዚህ ነው። የሚቸኩል ሰው ደግሞ ኃይል ይጠቀማል፣ ኃይል ያለው እጅ ጥቁሩንም ያነሳል።

በማግስቱ የናሱን ቁልፍ አንሱ። በጠርዙ፣ ቁልፉን ጋደም አድርጋችሁ፣ ቀዩን ቅርፊት ቀስ ብላችሁ ግፉት። ናስ ከብረቱ ይለሰልሳል፤ ስለዚህ ዝገቱን ይሰብራል እንጂ ብረቱን አይቧጭርም። ዘይቱ ቡና ቀለም ሲይዝ በካናቴራው ጥረጉት። ሌላ ዘይት ጨምሩ። እንደገና ግፉ። አንዳንድ ጊዜ ናሱ ራሱ ብጫ መስመር ይተዋል። አትደንግጡ፣ በዘይት ጨርቅ ይለቃል።

የቀረው ስስ ቀይ ጥላ ከሆነ በዚያን ጊዜ ብቻ ስቲል ውሉን ያዙ። ሁሌም በዘይት ረጥቦ። የጥፍር መጠን ብቻ ቁረጡ፣ በአንድ ጣት ጫፍ ያዙት፣ ቀዩ ያለበት ላይ ብቻ ሥሩ። በብረቱ ርዝመት አቅጣጫ እየሄዳችሁ። ክብ ክብ አታዙሩ። ክብ ጭረት ብርሃን ሲመታው ከሩቅ ይታያል፣ ከፋብሪካው መስመር ጋርም ይጣላል። ሁለት ሦስት ጊዜ ሳባችሁ፣ ጠርጋችሁ እዩ። ቀዩ ሄዶ ጥቁር ነጥብ ከቀረ አቁሙ። «ትንሽ ብቻ ልጨምር» የምትለዋ ሐሳብ ናት ቢላ የምታበላሸው።

ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጠ ዝገት ሌላ ነው። እሱን ለማውጣት ዙሪያውን መፋቅ ያስፈልጋል፣ ያ ደግሞ አይደረግም። ስቴኪኒውን ዘይት ነክራችሁ ጉድጓዱን ጎርጉሩ፣ የወጣውን ጥረጉ። ስቴኪኒው ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድገሙት። ከዚያ ዘይት ሙሉበትና ተዉት። ጉድጓዱ ይኖራል። ብርቱካንማው እስካልተመለሰ ድረስ ችግር የለም።

የመጋጠሚያውን ነገር አትርሱ። ሰንጢ ከሆነ መጋጠሚያው ላይ አንድ ጠብታ አድርጋችሁ ደጋግማችሁ ክፈቱ፣ ዝጉ። ጥቁር ጭማቂ ይወጣል። ጥረጉት፣ ሌላ ጠብታ ጨምሩ። የሚወጣው ዘይት እንደገባ ሆኖ ሲመለስ ጨርሳችኋል።

ሎሚ፣ አቼቶ፣ ኮካ

በየቤቱ የሚነገረው መድኃኒት ይህ ነው። ሎሚ እሹት፣ አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፉት፣ ኮካ ውስጥ አሳድሩት። ይሠራል፤ ውሸት አይደለም። ሎሚው ሲትሪክ አሲድ አለው፣ አቼቶው አሴቲክ፣ ኮካው ፎስፎሪክ። ሁሉም ዝገት ያሟሟሉ። ጉዳቱ ዝገቱን ሲጨርሱ አያቆሙም። ደህናውን ብረትም ይቀጥላሉ፣ ፓቲናውንም ይወስዳሉ። ሲወጣ ብረቱ ደብዛዛ ግራጫ ሆኖ ነው። ራቁቱን የቀረ ብረት ስለሆነም ገና ሳይደርቅ ብርቱካንማ ይጀምራል።

ጠቅላላው ቀይ ሆኖ የተገኘ፣ ማንም ዋጋ የማይሰጠው የጓዳ ቢላ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። አቼቶ አድርጉበት። ከዚያ በቤኪንግ ሶዳ ውሃ አጥባችሁ አሲዱን አብርዱት፣ ወዲያው አድርቁ፣ ዘይት ቀቡ። የሚሰበሰብ ቢላ ላይ ግን የእኔ እጅ አያደርገውም።

አመድም ይጠይቁኛል። የተነፋ አመድ ብረት ያጸዳል፣ እናቶቻችን ያውቁታል። ግን አመድ ውስጥ አሸዋ አለ፣ አሸዋ ደግሞ ይቧጭራል። ለድስት ማጠቢያው ይሁን።

አንበሳ ያለበት ጎራዴ

የጎራዴ ነገር ለብቻው መነገር አለበት። በቤተሰብ ከተቀመጡት ጎራዴዎች ብዙዎቹ ብረታቸው ከአውሮፓ የመጣ ነው። የጀርመኗ ዞሊንገን ከተማ በተለይ ለኢትዮጵያ ገበያ ብረት ሠርታለች። ገጹ ላይ አንበሳ፣ ዘውድ፣ «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው አሉ። ያ ጽሑፍ በመሮ የተቀረጸ አይምሰላችሁ። በአሲድ የተበላ ስስ ሥራ ነው። ጥልቀቱ ከምንም አይቆጠርም። በጥፍራችሁ ብትሄዱበት እንኳ አንዳንዱ አይሰማም።

አንድ አባት የአባታቸውን ጎራዴ ይዘው መጡ። ከዚያ በፊት አንድ ብረት ሥራ ቤት ወስደውት በግራይንደር አብርተውላቸዋል። ያብለጨልጫል። «ልጄ፣ አንበሳው የት ሄደ?» አሉኝ። አዘንብዬ ሳየው የጅራቱ ጫፍና ሁለት ፊደል ብቻ ቀርተዋል። «አባባ፣ ይሄ አይመለስም። የቀረውን እንጠብቅልዎት» አልኳቸው። የቀረውን ቀባን። ሌላ ምን ይደረጋል?

ስለዚህ ጽሑፍ ወይም ሥዕል ባለበት ቦታ ስቲል ውል የለም። ቁልፍም የለም። ዘይትና ጥጥ ጨርቅ ብቻ። ዘይቱን ቀብታችሁ አሳድሩት፣ በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት፣ ድገሙት። የመጣው ይምጣ፣ ያልመጣው ይቅር። ሎሚና አቼቶ ደግሞ ጭራሽ አይቅረቡት። ሥዕሉን ያወጣው አሲድ ነው፤ አሲድ ሲደገምበት በሥዕሉና በዙሪያው መካከል ያለው የቀለም ልዩነት ይጠፋል።

እጀታው

እጀታው ቀንድ ከሆነ ውሃና ፀሐይ አታሳዩት፣ ይሰነጠቃል። ብልም ይወደዋል። ትንሽ ዱቄት ከእጀታው ሥር ካያችሁ ቢላውን ከሌሎቹ ለዩት። እንጨት ከሆነ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉና ስስ ሰም ይበቃዋል። የናስ ቀለበት ወይም ምስማር ካለው ቆዳ በነካው በኩል አረንጓዴ ቆሻሻ ይሠራል። ስቴኪኒ ያወጣዋል። ናስ ማብሪያ ፈሳሽ አትጠቀሙ፤ ወደ ብረቱ ይሾልካል፣ ስንጥቁ ውስጥም ነጭ ዱቄት ትቶ ይቀራል።

ምን እንቀባው?

መጀመሪያ የማይቀባውን ልናገር። ቅቤ አትቀቡ። የምግብ ዘይትም አትቀቡ። ይሸታሉ፣ ከዚያ ይደድራሉ፣ ብጫ ሙጫ ሆነው ብረቱ ላይ ይቀራሉ። ያንን ለማንሳት ደግሞ መፋቅ ሊመጣ ነው።

ለሚታይና ለሚነካ ቢላ የሲንጀር ዘይት በቂ ነው። የሚበላ ነገር የሚቆረጥበት ከሆነ ግን ከፋርማሲ ሽታ የሌለው ሚኒራል ኦይል ግዙ። ቤቢ ኦይልም መሠረቱ ያው ነው፣ ሽቶ ስላለው ግን ሥጋው ላይ ይሰማል። ለረጅም ጊዜ ለሚቀመጥ ቫዝሊን ጥሩ ነው። ወፍራም ነው፣ አይፈስም፣ አይደርቅም። ደብሊው ዲ ፎርቲን ሁሉም ይወደዋል። እሱ በመጀመሪያ ውሃ ለማስወጣት የተሠራ ነው፣ ለዚያ ይሆናል። ዝናብ ነክቶት ከሆነ ርጩበት፣ ጥረጉት። ጠብቆ እንዲያቆይላችሁ ግን አትመኑት። ላዩ ላይ የሚቀረው በጣም ስስ ነው። ከሱ በኋላ ዘይት ይከተል።

ከሁሉም የምወደው ሬኔሳንስ ዋክስ የሚባለው ሰም ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በብሪቲሽ ሙዚየም ቤተ ሙከራ የተዘጋጀ ነው። ሙዚየሞችም ይጠቀሙበታል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ እዘዙት። አንድ ትንሽ ጣሳ ለዓመታት ይቆያል። ሰም ከመቀባታችሁ በፊት ግን ዘይቱ መነሳት አለበት፣ አለበለዚያ አይዝም። በአልኮል ጥረጉት። ከፋርማሲ የሚገዛው 70 በመቶ አልኮል ቀሪው ባብዛኛው ውሃ ነው፤ ስለዚህ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ አድርቁት። ሰሙን በጣት ጫፍ የማይታይ ያህል ቀቡ፣ ጥቂት ደቂቃ ቆዩ፣ በንጹሕ ጨርቅ ወልውሉ። ሰም ከዘይት የሚበልጠው አቧራ አይይዝም፣ የጣት አሻራም በላዩ ይቀራል እንጂ ብረቱ አይደርስም።

ዘይትም ሆነ ሰም፣ ስስ ይሁን። ቀብታችሁ ስትጨርሱ ደረቅ ጨርቅ አንሱና ሁሉንም ልታስወግዱት የፈለጋችሁ ያህል ጥረጉት። የሚቀረው በቂ ነው። የሚንጠባጠብ ዘይት አቧራ ይሰበስባል፣ አቧራ እርጥበት ይይዛል።

የት ይቀመጥ?

ሰው የሚከራከረኝ እዚህ ላይ ነው። ቢላ በአፎቱ ውስጥ አይቀመጥም። አዎ፣ ከአፎቱ ጋር ሲሆን ነው የሚያምረው። አዎ፣ ሳሎን ግድግዳ ላይ ሲሰቀል አብሮ ነው። ግን ቆዳ እርጥበት ይጠጣል፣ የተለፋበት ነገር ቅሪትም አለበት። ቆዳው ውስጥ የከረመ ቢላ ሲወጣ ዝገቱ የአፎቱን ስፌት ተከትሎ መስመር ሠርቶ ታገኙታላችሁ። ብረቱን ለብቻ፣ አፎቱን ለብቻ፣ ጎን ለጎን አስቀምጡ። ለእንግዳ ማሳየት ከፈለጋችሁ አስገቡት፣ እንግዳው ሲሄድ አውጡት።

ላስቲክ ውስጥም አታሽጉት። ውስጡ ያለው አየር ቀን ሲሞቅ ማታ ሲቀዘቅዝ ጤዛ ይሠራል። ስፖንጅ የተነጠፈበት ሳጥንም እንደዚያው እርጥበት ያቆያል። ጋዜጣ መጠቅለልም ይቅር። ዘይት የነካ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አየር በሚያገኝ መሳቢያ ውስጥ አድርጉት። ከጫማ ካርቶን ውስጥ የምታገኟቸውን እርጥበት የሚመጥጡ ትናንሽ ከረጢቶች አትጣሉ፣ አብራችሁ አስቀምጡ፣ በየጊዜው ቀይሩ። መሳቢያው የውጭ ግድግዳ ወይም መታጠቢያ ቤት የሚነካ አይሁን።

የአየሩ እርጥበት 60 በመቶ ካለፈ ዝገት ይፈጥናል። አዲስ አበባ ከሰኔ ጀምሮ እስከ መስከረም መግቢያ ከዚያ ወዲያ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ስብስቤን በየሳምንቱ አወጣለሁ። በጋ ላይ በወር አንዴ ይበቃል። ጅቡቲ ወይም የባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ያላችሁ ደግሞ ጨው ያለበት አየር ስለሆነ ክረምት በጋ አትበሉ። ዋሽንግተን አካባቢ ያላችሁ በጋውን ቤዝመንት ውስጥ አታስቀምጡት፤ እርጥበት ስለሚበዛበት መኝታ ቤት ቁም ሣጥን ይሻላል።

የምትቆርጡበት ከሆነ

አንዳንድ ሰው የሚሰበሰብ ቢላ አይነካም ይላል። እኔ አልስማማም። ያ ኦፒኔል ቁርጥ ሲኖር ይወጣል። ሥርዓት ግን አለው። ሚጥሚጣና አዋዜ ጨው አለባቸው፤ ሥጋውን ከቆረጣችሁ በኋላ ቢላውን አዋዜው ሳህን ላይ አትደግፉ። ሎሚ በሌላ ቢላ ቁረጡ። እየበላችሁ በመሀል በደረቅ ጨርቅ ጠረግ አድርጉት። ስትጨርሱ ሌላው ዕቃ እስኪታጠብ አትጠብቁ፣ ያኔውኑ ብረቱን ብቻ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና እጠቡ፣ አድርቁ፣ ትንሽ ሙቀት ያለበት ቦታ ከፍታችሁ አቆዩት፣ ዘይት ቀቡ። ማጠቢያ ማሽን ውስጥ የሚከት ሰው ካለ ቢላውን ለእኔ ይስጠኝ።

ቢላ ላይ ሰናፍጭ ወይም አቼቶ ቀብተው ሆን ብለው ፓቲና የሚያወጡም አሉ። አዲስ ቢላ ላይ የራሳችሁ ጉዳይ ነው። አሮጌ ላይ ማድረግ ማጭበርበር ነው፣ በተለይ ሊሸጥ ከሆነ። የተቀባ ፓቲና ወጥ ነው፣ ወይም የጨርቅና የብሩሽ ፈለግ ይታይበታል። የዕድሜው ግን እጀታው አጠገብ ጠቆር፣ ስለቱ ጋ ሳሳ ይላል፣ ሞረድ ስለሚነካው።

ሌላው የእንግዳ እጅ ነው። አሮጌ ቢላ ያየ ሁሉ አውራ ጣቱን ብረቱ ላይ ያሳርፋል። ላብ ጨው አለው። ያልተጠረገ አሻራ ከነመስመሩ ብረቱ ላይ ታትሞ ይቀራል። እንግዳ ከነካው በኋላ ዘይት በነካው ካናቴራ አንዴ መጥረግ ነው። ባለቤቴ «እንግዳ ሳይወጣ ጨርቅ ታነሳለህ» ትለኛለች። ልክ ናት፤ ቢያንስ በሩ እስኪዘጋ እጠብቃለሁ።

አንድ ቦታ ብቻ እየደጋገመ ቀይ የሚያወጣ ከሆነ ዘይት መጨመር አይበቃም። ምክንያት አለው። ከአፎት ስፌት ጋር የሚገጥም መሆኑን፣ የናስ ምስማር አጠገብ መሆኑን፣ የመሳቢያው እንጨት የሚነካው መሆኑን እዩ። ቦታውን ቀይሩ፣ ጉድጓዱን በስቴኪኒ እንደገና ጎርጉሩ፣ በአልኮል አድርቁ፣ ዘይቱን በቫዝሊን ተኩትና ከሳምንት በኋላ በነጭ ጨርቅ ፈትኑት። ጨርቁ ላይ ብርቱካንማ ካልመጣ ቆሟል።